«ችግር የለባትም» ብዬ የፈረምሁበት ቀን

ሰቆጣ፣ ግንቦት 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዋሴ፣

ይህ ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚደርስህ አላውቅም። ያለህበትንም አላውቅም። አንዱ ሑመራ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ አየሁት ይላል፤ ሌላው መተማን ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል ይላል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ጎንደር አውቶቡስ ተራ አንተን የመሰለ ሰው አይቶ ሊጠራህ ሲል ከሰው መሀል ጠፋህበት። እኔም ይህንኑ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ በሦስቱም መንገድ ልልከው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢያገኝህ ብዬ።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ግን አምስት ዓመት ሙሉ እንዴት ነህ ያላልሁህን ሰው ዛሬ ስለ ጤናው ብጠይቅ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበልህ። ቤንዚን አልሰረቅህም። አንተማ ድሮም ታውቀዋለህ። እኔ ያወቅሁት ግን አምና ነው። መኪናዋ ታማ ነበር፤ የታመመችበትንም ቦታ አንተ ራስህ በጣትህ አሳይተኸኝ ነበር።

የቀረውን ብታነበው ባታነበው ያንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ከሥር ከመሠረቱ ካልጻፍሁት አይወጣልኝም።

1995 እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር አትረሳውም። ዝናቡ ቀርቶ፣ ከፃግብጂም ከዝቋላም ሰው እህል ሊቀበል ይሰለፍ ነበር። የእህል እርዳታ መሥሪያ ቤታችሁ ነጯ መኪና ሠራተኞቹን ይዛ ዛሬ ጽጽቃ፣ ነገ አምደወርቅ ትመላለሳለች። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ካንተ በቀር የነዳት ሰው አልነበረም። ጧት ጧት አቧራዋን ስታራግፍላት እያየሁ «ይሄ ሰውዬ ሚስት ሳያገባ የቀረው በእሷ ነው» እያልሁ እቀልድብህ ነበር።

ከኅዳር ወዲህ ሽቅብ ላይ ትደክም ጀመር። ነዳጅ ሲረገጥላት ሳብ ታደርግና ወዲያው ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ጽጽቃ አድርሶ ይመልሳት የነበረው ቤንዚን መንገድ ላይ ያልቅባት ጀመር። ሁለት ጊዜ ሠራተኞቹ ቆላው ላይ ጥለዋት በእግራቸው ገቡ። በሁለተኛው ቀን የእህል እደላው ሳይካሄድ ቀረ፤ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው ባዶ ስልቻውን ይዞ ተመለሰ። «ዋሴ ቤንዚኑን እየቀዳ ይሸጣል» የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ግን በዚያ ዓመት፣ ሰው እየተራበ ሳለ፣ ሰረቀ ለተባለ ሰው የሚሟገት ከየት ይመጣል?

ኃላፊያችሁ ከሁለት የአጣሪ ኮሚቴ አባላት ጋር መኪናዋን ይዞ ጋራዤ መጣ።

«ቢያዝን፣ እዚህ አገር ያለኸው መካኒክ አንተ ነህ» አለኝ። «ችግር ካለባት አለባት በል። ከሌለባት የለባትም በልና ፈርም። ሌላ ካንተ የምንፈልገው የለም።»

ይህን ሲለኝ ደስ እንዳለኝ አልደብቅህም። ደሴ የሰው ጋራዥ ውስጥ ዘይት ስጠርግ ያደግሁ ሰው ነኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው መጥተው ፍረድ ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ቀን ተኩል መረመርኋት። ከሥር ገብቼ የነዳጅ ጋኗን አየሁ፤ ቀዳዳ የለውም። ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስሁት፤ የሚያፈስ የለም። ፖምፓው ደህና ነው። ፊልትሮ ቀየርሁ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቼ ሳያቸው ጥላሸት ለብሰዋል። በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ወልውዬ መልሼ አሰርኋቸው።

ዋሴ፣ ምስክርህን በገዛ እጄ የጠረግሁት ያን ጊዜ ነው። ተቀድቶ የተሸጠ ቤንዚን ካንዴላ አያጠቁርም። ካንዴላ የሚያጠቁረው ሞተር ውስጥ ከልክ በላይ ገብቶ በቅጡ ሳይነድ የቀረ ቤንዚን ነው። ይህን ጀማሪ መካኒክ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። ግን የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ የሚያፈስ፣ የተሰነጠቀ፣ በካቻቢቴ ሊነካ የሚችል ነገር። እሱን ሳጣ ሌላውን ማየት ተውሁ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ አንተ መጣህ። ወደ መኪናዋ እንዳትጠጋ ተከልክለህ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ነበርና ሰላም ሳትለኝ እጅህን ሰደህ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ነካህ።

«ይቺን ሽቦ አየሃት?» አልኸኝ። ቱቦው ላይ የተሰካችውን ትንሽ ሶኬት ነበር የምታሳየኝ።

«ምን ሆነች?»

«ባለፈው የአምደወርቅን ሽቅብ ስወጣ ደከመችብኝና ማጣሪያውን አውጥቼ አራገፍሁት። ስመልሰው ይቺን መሰካት ረሳሁ። ሳትሰካ እንደ ፈረስ ወጣችልኝ። ጭስ የለ፣ ማቃሰት የለ። አምደወርቅ ደርሼ ወልቃ ሳያት ሰካኋት። ስመለስ ያው ሆነች።»

«ሲነቀል የሚሻለው ሽቦ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። እኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ።»

ነቀልሁና ሞተሩን አስነሣሁ። መሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ ብልሽት የምታመለክተው ቢጫ መብራት ቦግ አለች። መልሼ ሰክቼ እንደገና ሳስነሣት ጠፋች።

«ይኸው» አልሁህ። «ሲነቀል አመመኝ ትላለች፤ ሲሰካ ደህና ነኝ ትላለች። ከመኪናዋ በላይ ልታውቅላት ነው?»

ጎማ ሊያስለጥፉ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

አንተ አልሳቅህም። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ቢያዝን፣ እስቲ ሽቅብ ላይ ነድተህ እያት። አንዴ ሰክተህ፣ አንዴ ነቅለህ። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅብህም» አልኸኝ።

«እሺ፣ አያታለሁ» አልሁህ።

አላየኋትም። ጊዜ አጥቼ አልነበረም። ያቺ ሽቦ ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር። እኔ የተማርሁት በካርቡራተር ነው፤ አየሩም ቤንዚኑም በዓይን በሚታይበት፣ ቡሎን ጠበቅ ላላ በማድረግ በሚስተካከልበት። ኮምፒውተር ያላት መኪና ጋራዤ በገባች ቁጥር እፈራ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴ ለተዋበች እንኳ። ሽቅቡ ላይ ነድቻት ያልኸው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ኃላፊው «ታዲያ ምንድን ናት?» ቢለኝ ምን ልመልስ ነው? ከማላውቀው ነገር ጋር መፋጠጥ ፈራሁ፤ ካንተ ጋር መፋጠጡ ቀለለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አመጡልኝ። «መኪናዋን መርምሬአለሁ። ከመጠን በላይ ነዳጅ ሊያስፈጅ የሚችል ችግር የለባትም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

ማታ ራት ላይ ለተዋበች ነገርኋት። ባለቤቴን ታውቃታለህ፤ ነገር ስትሰማ ቶሎ አትመልስም። እንጀራውን መቁረሷን ተወችና፣

«ችግር የለባትም ነው ያልኸው፣ ወይስ ችግሩን አላገኘሁትም?» አለችኝ።

«ያው አይደለም እንዴ?»

«ያው አይደለም። ዋሴ ሚዜህ ነው።»

«ሚዜነት ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ ተቆጣሁ። እሷም ሰሃኑን አንሥታ ተነሣች። በዚያ ጉዳይ ላይ ሁለተኛ አንሥታብኝ አታውቅም። ባታነሣውም ቤት ውስጥ እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከሥራ የተሰናበትህበትን ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ያንን ካየሁ ከሳምንት በኋላ ጧት አውቶቡስ ተራ በኩል ሳልፍ የኮረሙን አውቶቡስ ስትጠብቅ አየሁህ። አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘህ ነበር። ሳልታይ ልዞር ስል አንተው ጠራኸኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«አዲሱን ሾፌር ንገረው» አልኸኝ። «ሽቅብ ላይ ጭነት ሲበዛባት እንዳያምናት። ድንገት ትንፋሿ ይቋረጣል። ከኋላዋ ሰው ካለ ትጨርሰዋለች።»

«እሺ» አልሁ።

እጄን አልዘረጋሁልህም። ዘይት የነካው ይመስል በሸሚዜ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት፤ ዘይት ግን አልነካውም ነበር። ጋራዥ ገና ልከፍት መሄዴ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስማ፤ የባሰው እሱ ነውና። አንተን የተካው ደግሰው የሚባል የላስታ ልጅ ነው። መኪናዋ ለእሱም ያው ሆነችበት። ያው ጭስ፣ ያው ድካም፣ ያው የቤንዚን ፍጆታ። እሱን ግን ሌባ ያለው የለም፤ «መኪናዋ አርጅታለች» ተባለና ግቢ ውስጥ ግራር ሥር አቆሟት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «እንዲያ ከሆነ ዋሴስ?» ማለት ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። በየቀኑ በአጥሩ ሥር ሳልፍ ቆማ አያታለሁ፤ ግራሩ ቅጠሉን ያራግፍባታል። ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ነገ እያልሁ አራት ዓመት አለፈ።

በ1999 ጥር ወር ኮምቦልቻ ለመካኒኮች የሁለት ሳምንት ሥልጠና ተሰጠ፤ እኔም ሄድሁ። ያስተማረችን ጸሐይነሽ የምትባል ሴት ናት፤ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ እጇ እንደ እኛው ዘይት የጠገበ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛ ላይ አንድ ዕቃ አስቀመጠች። አጭር የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ውስጡ ከፀጉር የምትቀጥን ሽቦ አለች።

«የአየር ሴንሰር ነው» አለችን። «ሽቦዋ ትግላለች። የሚገባው አየር ያቀዘቅዛታል። ኮምፒውተሩ ምን ያህል አየር ገባ የሚለውን በቅዝቃዜዋ ያውቅና የዚያን ልክ ቤንዚን ይሰጣል። ሽቦዋ ከተበላሸች፣ ያልገባውን አየር ገባ ትላለች። ያን ጊዜ ቤንዚን ይበዛል፤ መኪናዋ ትጨሳለች፣ ትደክማለች፣ ትጠጣለች።»

እጄን አነሣሁ።

«መበላሸቷ በምን ይታወቃል?»

«መሣሪያ ካለህ በመሣሪያ። ከሌለህ ሶኬቷን ንቀልና ንዳ። ስትነቀል ኮምፒውተሩ በግምት ይሠራል። ተነቅላ ከተሻለች፣ ተሰክታ ሳለች ስትዋሽ ነበር ማለት ነው።»

«ግን ስትነቀል መብራት ይበራል» አልሁ።

«ይበራላ። መብራቱ የሚያውቀው ሽቦዋ መኖር አለመኖሯን ነው። እውነት መናገሯንማ በምን ያውቃል?»

አጠገቤ የተቀመጠው የወልዲያ መካኒክ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ወጥቼ ግድግዳ ሥር ተቀመጥሁ። ጸሐይነሽ በዕረፍት ሰዓት መጥታ ምን ሆንህ ብትለኝ ነገርኋት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ስታዳምጠኝ ቆየችና «የነገረህ ሾፌሩ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኋት። «ጥሩ ሾፌር ነበር» አለች።

ሰቆጣ እንደተመለስሁ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ የቆመችውን መኪና በነፃ ልይላችሁ አልሁ። ኃላፊው ተቀይሯል፤ አዲሱ «ከተነሣች ደስታውን አልችለውም» አለኝ። አሮጌውን ቤንዚን ደፋሁ፣ ባትሪ ተዋስሁ፣ ጎማ ነፋሁ። ደግሰው መሪ ያዘ፤ እኔ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ የመጀመሪያው ሽቅብ ላይ ያው ሆነች፤ በመስታወት ሳይ መንገዱ በጥቁር ጭስ ተሸፍኗል። አቁም አልሁትና ወርጄ ያቺን ሽቦ ነቀልኋት። ተመልሼ ገባሁ።

«ምን አደረግሃት?» አለኝ ደግሰው ጥቂት እንደሄድን።

ወጣች፣ ዋሴ። ልክ እንዳልኸው ወጣች። ጫፍ ላይ ስንደርስ አቁምልኝ ብዬ ወረድሁና ከድንጋዮቹ ኋላ ሄጄ አለቀስሁ። ደግሰው ልሽና የሄድሁ መስሎት መሪው ላይ እያፏጨ ይጠብቀኝ ነበር።

ሽቦዋን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል እየነከርሁ አጠብኋት፤ አልዳነችም። ወልዲያ ተገልብጣ የተጣለች የዚያችው ዓይነት መኪና እንዳለች ያ አጠገቤ የነበረው መካኒክ ነግሮኝ ስለነበር ሄጄ የእሷን ፈትቼ አመጣሁ። ሁለት ቡሎንና አንድ ሶኬት ናቸው፤ ለመግጠም ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሩብ ሰዓት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ ጽጽቃ ደርሳ ትመለሳለች፤ ቤንዚንም ይተርፋታል። ደግሰው ገበያ መሀል አቅፎ ሳመኝ፤ ሰውም «ቢያዝን የሞተች መኪና አስነሣ» አለ። እንዲህ ያለ ምስጋና ሲያቃጥል አይተህ አታውቅም።

አሮጌውን ሴንሰር ኪሴ ከትቼ፣ ያየሁትን ሁሉ ጽፌና ፈርሜ ለአዲሱ ኃላፊ ሰጠሁት። አነበበው። ጥሩ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ማዘኑ ያስታውቅ ነበር።

«እኔ በዚያ ጊዜ አልነበርሁም» አለኝ። «ውሳኔው ተወስኖ ተዘግቷል። እንዲነሣ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ማመልከት አለበት።»

«ባለጉዳዩ የት እንዳለ አይታወቅም።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ?»

እሱም ምን ያድርግ? ወረቀቴ ፋይልህ ውስጥ ገባ። ፋይሉ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

የቀረኝ ፃግብጂ አባትህ ዘንድ መሄድ ነበር። መንገዱ እስከሚያልቅበት በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። ከአጥራችሁ ሳልደርስ አንድ ድንጋይ መርጬ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፤ አባቶቻችን ይቅርታ ሲጠይቁ እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አባትህ ደጃፉ ላይ አጎዛ አስነጥፈው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤ ጥላ እንጂ ሰው አይለዩም። እህትህ አልጣሽ አየችኝና በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ነገረቻቸው። ከተናገረችው የገባኝ ስሜ ብቻ ነው።

«ድንጋይ ተሸክመሃል ትለኛለች» አሉኝ በአማርኛ። «ምን አድርገህ ነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ሴንሰሩን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁት። በጣቶቻቸው አገላበጡት።

«ይቺ ናት?»

«አዎ፣ አባቴ። ግን እሷ ብቻ አይደለችም። እኔም ነኝ።»

አልጣሽ ቆማ ታዳምጥ ነበር። «አራት ዓመት ሙሉ ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ እስክጨርስ ይጠብቁ ነበር» አለችኝ። «የሌባ እህት አብራን አትቀዳም ብለው። አንተ ታዲያ ዛሬ ነው የመጣህ?»

አባትህ ዕቃውን አልመለሱልኝም፤ እንደያዙት ተናገሩ። «እዚህ ቆሞ አባቴ አልሰረቅሁም አለኝ። እኔ ምን አልሁት መሰለህ? ወረቀት ተጽፎብሃል አልሁት። ግባ አላልሁትም። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ። ማንበብ የማልችለውን ወረቀት አምኜ የወለድሁትን ልጅ ሳላምነው ቀረሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ይቅር ብልህ ምን ይረባሃል? የበደልኸው እኔን አይደለም። በል አውርደው ድንጋዩን፤ አንገትህ ይሰበራል።»

አወረድሁት። ወደ አጥሩ ልወስደው ስል ሰሙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ልጥለው ነው።»

«አትጣለው። እዚህ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው። ዋሴ ሲመጣ የምሸከመው እኔ ነኝ።»

«አባት ለልጁ ድንጋይ አይሸከምም፣ አባቴ።»

«እሱ ደግሞ የተጻፈው በየትኛው ወረቀት ላይ ነው?» አሉኝ።

በዚያው ሰንብቼ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙን አስፈቅጄ ግቢው ውስጥ ሰው ፊት ቆምሁ። ዋሴ ወልደ ሐዋርያት ቤንዚን እንዳልሰረቀ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንሁ ተናገርሁ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣

«ታዲያ ቤንዚኑን ማን ወሰደው?» አሉ።

«ማንም አልወሰደውም። መኪናዋ አቃጠለችው።»

«ሳትሄድበት?»

«ስትሄድበት፣ አባቴ። ከሚገባት በላይ እየጠጣች።»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። እንደገና ስለ ሽቦዋ ላስረዳ ሞከርሁ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ቅዝቃዜው። ባስረዳሁ ቁጥር ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ ሲበዛ አያለሁ። አንተን ለመክሰስ አንድ መስመር በቅቶኝ ነበር፤ አንተን ለማጽዳት ግን የምናገረው ሁሉ ተረት ይመስላል። ሲበተኑ አንዷ ሴት ለሌላዋ «ዘመዱ ይሆናል» ስትል ሰማሁ። ያም ሆኖ ቄሰ ገበዙ «ሰምተናል፤ ከእንግዲህ ሌባ ያለው ይጠየቃል» ብለው አሳረጉ። አልጣሽ እንደነገረችኝ አሁን ወንዝ ላይ ከሴቶቹ ጋር ትቀዳለች። ከሁሉም ያቀናሁት ይህን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ እንደገና ሄጄ ነበር። አባትህ በጾሙ ታመው ከርመዋል፤ በጣም ከስተዋል። ተቀምጠን ሳለ አልጣሽ ወደ ደጅ ጠራችኝ። «ጧት ጧት ሰው አላየኝም ሲሉ ድንጋዩን ሊያነሡ ይሞክራሉ» አለችኝ። «ሲመጣ እንዳይከብደኝ ልለማመደው ነው ይላሉ።» በማግሥቱ ማልጄ ተነሥቼ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ከሥሩ ሰደው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ሳቡት። ከመሬት አልተላቀቀም። ዐረፍ አሉና እንደገና ሞከሩ።

ስወጣ የሰሙኝ መሰለኝ። «ትልቅ ድንጋይ ነው የመረጥኸው» አሉኝ።

«ቀለል ያለ ላምጣልዎት?»

«አይሆንም። እሱው ነው።»

ዋሴ፣ ድንጋዩን ሊያነሡት አይችሉም። ከእንግዲህም የሚችሉ አይመስለኝም። ብችል ይህን እንኳ እንደ ሴንሰሩ ፈትቼ በሌላ በተካሁት። ግን እዚህ ላይ እኔም አልጣሽም የምናደርገው የለም፤ ያለአንተ የሚቻል ነገር አይደለም። መጥተህ ደጃፉ ላይ ብትቆምና «ይተዉት፣ አባቴ» ብትላቸው ይበቃል።

እኔን ይቅር በለኝ ብዬ አልጠይቅህም። ብትመጣ እኔን ማየት ባትፈልግ ሰቆጣን ሳትረግጥ የምታልፍበትን መንገድ ታውቀዋለህ። ብትፈልገኝ ደግሞ ከአንተ ጋር መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄ የጻፍሁትን በቃሌ እደግመዋለሁ፤ ከዚያም በላይ ካሉ እስከ ላይ ድረስ። ይህንን ቃል የምገባልህ በተዋበችና በልጆቼ ፊት ነው፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሰላም በልልኝ ብላሃለች።

መምጣት ካልቻልህ ጻፍ። ለእኔ አይደለም፤ ለአባትህ ጻፍ። አልጣሽ ከሰቆጣ ገበያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ደብዳቤ አለ ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ የደረሰ እንደሆነ እሷ ታነብላቸዋለች። ረጅም መሆን የለበትም። በሕይወት አለሁ ብትል፣ በሁለት ቃል፣ እሳቸው ይበቃቸዋል።

በሄድህበት ሁሉ መንገዱ ይቅናህ።

በድዬህ የቀረሁ ሚዜህ፣
ቢያዝን
(ሰቆጣ፣ ከአውቶቡስ ተራው ዝቅ ብሎ ያለው ጋራዥ)